«የዛሬ ጋዜጣ» እና «የሦስት ወር ሕፃን» በቱርክኛ

ጥያቄ፦ ቱርክኛ መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። «ቡጉን» ዛሬ ማለት እንደሆነ ባውቅም፣ «የዛሬ ጋዜጣ» ለማለት «ቡጉን ጋዜቴ» ብዬ ስጽፍ አስተማሪዬ ያርሙኛል። በአማርኛ «የ» የሚሠራውን ሥራ በቱርክኛ ምን ይሠራዋል?

መልስ፦ አስተማሪዎ የሚጠብቁት «ቡጉንኩ ጋዜቴ» የሚለውን ነው። የእኛ «የ» ከቃሉ ፊት ሲገባ፣ የቱርክኛው «ኪ» ግን ከኋላ ይቀጠላል፤ «ያርን» (ነገ) «ያርንኪ»፣ «ሺምዲ» (አሁን) «ሺምዲኪ»፣ «አክሻም» (ማታ) «አክሻምኪ» ይሆናል። የቱርክኛ ቅጥያዎች አብዛኛውን ጊዜ አናባቢያቸውን ከቃሉ አናባቢ ጋር ሲያስማሙ «ኪ» ግን አይለወጥም፤ «ዱንኩ» (የትናንት) እና «ቡጉንኩ» ከዚህ ደንብ ከወጡት ጥቂት ቃላት መካከል ናቸው። የወርና የዓመተ ምሕረት ስሞች ደግሞ ቅጥያውን በቀጥታ አይቀበሉም። «ሃዚራን» (ሰኔ) በመጀመሪያ «ሃዚራንዳ» (በሰኔ) ከሆነ በኋላ ነው «ሃዚራንዳኪ» የሚባለው፤ «በሰኔ የሆነው» እንደ ማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪን በብርቱ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ «የዛሬ ስብሰባ» እና «የሦስት ወር ሕፃን» ስንል በሁለቱም ላይ ያው «የ» ይገባል። ቱርክኛ ግን ይለያቸዋል፦ የመጀመሪያው «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሆነ «ኪ»ን፣ ሁለተኛው «ስንት ጊዜ የሚሆን?» ለሚለው ስለሆነ «ሊክ»ን ይወስዳል። ስለዚህ ሕፃኑ «ኡች አይልክ ቤቤክ» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ሊክ» ከ«አይ» (ወር) ጋር ተስማምቶ «ልክ» ሆኗል። ይኸው ቅጥያ በየጊዜው የሚደጋገመውንም ነገር ይገልጻል፤ «ጉንሉክ ጋዜቴ» ዕለታዊ ጋዜጣ፣ «ሃፍታልክ» ሳምንታዊ፣ «ይልልክ» ዓመታዊ ነው። በዚህ በኩል አማርኛም «የዛሬ»ን ከ«ዕለታዊ» ስለሚለይ ልዩነቱ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም። «አይልክ» ብቻውን ሲቆም ደመወዝ ማለትም ነውና፣ ሰው ስለ «አይልክ» ሲያወራ ቢሰሙ ስለ ወር ብቻ የሚናገር እንዳይመስልዎ።

ስለዚህ ሲጽፉ ቅጥያውን ከመምረጥዎ በፊት ቃሉን «መቼ?» ብለው ይጠይቁት። «ትናንት» ወይም «ዛሬ ጠዋት» ብሎ ከመለሰ «ኪ»ን፣ «በየሳምንቱ» ወይም «ሁለት ቀን የሚፈጅ» ብሎ ከመለሰ «ሊክ»ን ያስከትሉ። «ኢኪ ጉንሉክ ዮል» የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ «ጉንኩ» ማለት ግን ስሕተት ነው።