በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት ተመራቂ «ማመልከቻዬን ከበድ ባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ባስጌጠው ይሻላል ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ጉዳይ ትዝ አለኝ።

በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ከቀረቡት ማመልከቻዎች መካከል የአንዲት ወጣት ደብዳቤ ከሁሉም ጥርት ያለ ነበር። ሌሎቹ ከአንድ ናሙና የተገለበጡ እስኪመስሉ ድረስ «ታታሪ ነኝ፣ ጫና መቋቋም እችላለሁ» እያሉ ራሳቸውን ሲያሞግሱ፣ እርሷ ግን የደመወዝ መክፈያ ታዘጋጅ እንደነበርና የባንክ ሒሳብ በየወሩ ታስታርቅ እንደነበር በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ገልጻለች። ሆኖም የተመረቀችበትን ዓመት በእኛው አቆጣጠር 1997 ብላ ስትጽፍ፣ ሥራ የጀመረችበትን ከሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ላይ እንዳለ 2005 ብላ ገልብጣዋለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ የውጭ ዜጋ ነበሩና «ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ቆየች?» ብለው ማኅደሯን ወደ ጎን አደረጉት። እኔ በዚያን ጊዜ ለመስክ ሥራ ወጥቼ ነበር፤ ተመልሼ ሐምሌ 1997 ማለት ጁላይ 2005 እንደሆነ፣ ልጅቱም ሥራ የያዘችው ወዲያው እንደተመረቀች እንደሆነ ባስረዳም፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

እንግሊዝኛ የሰው ችሎታ መለኪያ አይደለም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ተከራክሬአለሁ፤ ያም ሆኖ የድርጅቱን ስም አሳስቶ የጻፈ ማመልከቻ ሲገጥመኝ ቀጥዬ ለማንበብ ትዕግሥት አልነበረኝም። በእኛ ጊዜ ደብዳቤውን በጽሕፈት መኪና የሚያስመታ ሰው በገጽ ይከፍል ስለነበር ቃል ይቆጥባል። እናንተ ደግሞ ለቻትጂፒቲ ትሰጡትና እንከን የለሽ፣ ነገር ግን የማንም ሊሆን የሚችል ደብዳቤ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ከዚያው ደብዳቤ አንድ ዓረፍተ ነገር አብራሩ ስትባሉ ትደነግጣላችሁ። መሣሪያውም ቢሆን የሰጣችሁት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልነገራችሁት፣ 1997ን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ ሊጽፈው ይችላል።

ስለ ፊደል ግድፈት አልመክራችሁም፤ እርሱን ታውቁታላችሁ። ያበቃ ሥራን በኃላፊ ጊዜ፣ አሁን የያዛችሁትን በአሁን ጊዜ ጻፉ። ዓመቱን ስትቀይሩም ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 የሚደመር ስለሆነ፣ ወሩን ሳታውቁ አትደምሩ፤ ያገኛችሁትንም ከትራንስክሪፕታችሁና ከሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ ጋር አመሳክሩ።