የወደቀውን ግንድ ከደኑ አታውጡት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ወንድማችን የጠየቀውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በደብራቸው ደን ውስጥ ነፋስ የጣለው ትልቅ ጽድ አለ፤ ቆሞ የደረቀ የሎል ዛፍም አለ። ሰበካ ጉባኤው ሁለቱንም ሸጦ ገንዘቡን ለቅጥሩ ማሠሪያ ማዋል ይፈልጋል። «ለመሆኑ የሞተ ዛፍ ለደኑ ምን ይጠቅመዋል?» ነው ጥያቄው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ እኔም «ደኑ ይጽዳ» ባይ ነበርኩ። አንድ ደብር ላይ የወደቀውን ሁሉ በበሬ አስጎትቼ አስወጣሁ። ሁለት ክረምት አልፎ ስመለስ፣ ግንዱ የተጎተተበት መሬት እንደ አውድማ ጠጥሮ አንዲት ችግኝ አላበቀለም ነበር። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ዓይኔን የገለጠልኝ ሌላ ደብር ነው። ወሩ መጋቢት ነበር፤ መሬቱ ደርቆ ስንራመድ አቧራው ይቦናል። ቄሰ ገበዙ ከብዙ ዓመት በፊት ወደወደቀ ሎል ወሰዱኝና «ይህን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም» አሉኝ። ቅርፊቱን በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ውስጡ እርጥብ ነው፤ ስጨምቀው እጄን አራሰው። ነጫጭ የእንጉዳይ ክሮች እንደ ተፈተለ ጥጥ ተዘርግተዋል፤ ከሥራቸው አውራ ጣት የሚያህል የጥንዚዛ እጭ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በግንዱ ጀርባ ላይ ደግሞ የጥቁር እንጨት ችግኞች በቅለዋል። ዙሪያው ባለው ደረቅ አፈር ላይ ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ሰብሮ መብላት የሚችለው በዋናነት እንጉዳይ ነው። እሱ ሲያላላው እጩ ይገባል፤ እጩን ፍለጋ ግንደ ቆርቁር ይመጣል። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው በአብዛኛው በደረቀና በበሰበሰ እንጨት ላይ ነው። እሱ ለቆት የሄደውን ቀዳዳ ደግሞ ራሳቸው መፈልፈል የማይችሉ ወፎች ይወርሱታል። ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነውን ትንሹን አረንጓዴ በቀቀን ታውቁት ይሆናል፤ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። እንቁላሉን የሚጥለውም ሆነ ማታ የሚያድረው በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቆሞ የደረቀውን ሎል ስትቆርጡ የእነዚህን ሁሉ ቤት ነው የምታፈርሱት።

በመንቁሩ ላይ እንደ ቆብ ያለ ቀንድ የተደረበበት ያ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍም አለ። ሴቷ በትልቅ ዛፍ ቦርቧራ ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ በቀረችው ጠባብ ስንጥቅ ወንዱ ከ3 ወር በላይ ይመግባታል። ይህ ወፍ የሾላና የሌላውን ዛፍ ፍሬ እየበላ ዘሩን በየቦታው የሚጥል ነው። ቦርቦር ያለ አሮጌ ዛፍ ከሌለ እሱም የለም፤ ዘሩን ማን ያመላልሰዋል?

ጉዳዩ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በፊንላንድ ከደን ነዋሪ ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ኑሯቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ተገምቷል። ደኖቹ ለረጅም ዘመን «ሲጸዱ» ስለኖሩ ብዙዎቹ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጥቂት ሄክታር ናቸው፣ ዙሪያቸው እርሻ ነው። ከትልቅ ጫካ አንድ ግንድ ቢወጣ ሌላ ይኖራል። ከእናንተ ደን ከወጣ ግን ጥንዚዛው የትም መሄጃ የለውም።

አንዲት እህት «ነቀዙ ወደ ጤነኛው ዛፍ አይዛመትም ወይ?» ብላለች። በተፈጥሮ በተደባለቀ ደን ውስጥ የበሰበሰ እንጨት የሚበሉት አብዛኞቹ ነፍሳት ጤነኛ ዛፍ አይነኩም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተተከለበት ቦታ ነው፤ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ እዚያ ሊዛመት ይችላል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ሎሉን ተዉት። መንገድ ወይም ጣሪያ ላይ የሚወድቅ ከሆነ አናቱን ብቻ ቁረጡና ከ3 እስከ 4 ሜትር ግንዱን አቁሙት። ለቤተልሔም ማገዶ ከጽዱ ላይ ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ውሰዱ፤ እሳት ቶሎ የሚይዘውም እሱ ነው። ወፍራሙ ግንድ ባለበት ይተኛ። ጽድ ቶሎ አይበሰብስም፤ ለልጆቻችሁም ይቆያል።

የቅጥሩ ነገር ደግሞ ግንድ ሳይሸጥ ይፈታል። እዚያው ደቡብ ጎንደር ዣራ ላይ፣ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በሠሩት ሥራ፣ ገበሬው ከማሳው የለቀመው ድንጋይ ነው ካብ የሆነው። ማሳው ለማረሻ ተመቸ፣ ከብትም ደኑ ውስጥ መግባቱ ቀረ። ሰበካ ጉባኤው ይህን ለምእመናኑ ያቅርብ።

ወንድሜ፣ ለማንኛውም መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ሎሉ ሥር ማለዳና አመሻሽ ላይ ቁጭ ብለህ ቀዳዳዎቹን ተመልከት። የሚገባና የሚወጣ ነገር ካየህ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፤ ምን እንደሆነ አብረን እንለየዋለን።