ከደረደራችሁ አይቀር ቁጠሩ

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ኮዱን ከጻፍኩ በሰከንድ የሚያልቅ ነገር ነው። ብቸኛ ቁጥሮችን በእጅ መደርደር ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥና ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ሙሉ ቁጥር ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይቀጥላል። ተማሪ ሳለሁ እስከ 10,000 ያሉትን ደርድሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። በአንድ መስመር አሥር አሥር ቁጥር እጽፍና የ2ን ብዜት፣ የ3ን ብዜት፣ የ5ን ብዜት እያልኩ እሰርዛለሁ። የኤራቶስቴንስ ወንፊት የሚባለው ነው። የ2 እና የ5 ብዜቶች ቀጥ ብለው ወደ ታች ስለሚወርዱ ቀላል ናቸው። የ7 ግን እየዘለለ ያደክማል። 91ን ስሰርዝ ደግሞ ሁሌ ቅር ይለኝ ነበር። 7 ጊዜ 13 መሆኑን እያወቅኩም ብቸኛ ይመስለኛል። ዛሬም ይመስለኛል።

በ97 ብዜቶች ጨረስኩ። ቀጣዩ 101 በራሱ ሲባዛ 10,201 ስለሆነ ከደብተሬ ይወጣል። ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። በየሺው ስንት እንዳለ ግን አልቆጠርኩም።

ብቆጥር ኖሮ የመጀመሪያው ሺህ 168 ይሰጠኝ ነበር። ሁለተኛው 135፣ ከዚያ 127፣ 120፣ 119፣ 114። በቃ እየሳሳ ነው ስትሉ ሰባተኛው ሺህ 117 ብሎ ብቅ ይላል። ቀጥሎ 107፣ 110፣ 112። ድምሩ 1,229። መሳሳቱ አይቀርም፣ ግን በየሺው ስታዩት እንደ ልቡ ነው።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ገና በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ይህንን ነው ያስተዋለው። በኋላም ትርፍ ሩብ ሰዓት ሲያገኝ አንድ ሺህ መርጦ ይቆጥር ነበር። ብቸኛ ቁጥሮች የሚሳሱት በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ልክ መሆኑን ከቆጠራው ገመተ። 1,000 አካባቢ ከ7 ቁጥር አንድ ያህል፣ ሚሊዮን አካባቢ ከ14 አንድ ያህል ማለት ነው። ማረጋገጫው እስኪገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1896 አዳማር እና ደ ላ ቫሌ ፑሳን የሚባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አረጋገጡት። እኔ መጽሐፍ ላይ አነበብኩት። መረጃው በእጄ ነበር እኮ!

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ አልክድም። ግን ስክሪኑ ላይ የወረደውን ዝርዝር ማን ያነበዋል? ኮዱ ከሠራ አለቀ፣ ወደ ሌላ ትሄዳላችሁ።

ደግሞ መደርደርና መቁጠር አንድ ሥራ አይደሉም። ማይሰል የሚባል ጀርመናዊ እስከ ቢሊዮን ያሉትን ሳይደረድር በስሌት ብቻ ቆጥሯቸዋል፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ1885 በእጁ! ውጤቱ ከትክክለኛው 50,847,534 በ56 ብቻ ያንሳል። እንዲህ ያለ ሰው ያስቀናኛል።

ስለዚህ በእጅ ደርድሩ ልላችሁ ነው? እስከ 1,000 አዎ። ከዚያ በላይ ለምን ትደክማላችሁ፣ እኔም በኮምፒውተር ነው የምሠራው። እሺ፣ አንድ ሺህ ልጨምርባችሁ። ከ10,000 እስከ 11,000 ያሉትን በእጅ ሞክሩ። 106 መምጣት አለበት። 110 ከመጣላችሁ 97 ላይ አቁማችኋል፤ የ101 እና የ103 ብዜቶች ቀርተዋችኋል።