አንድ ድምፅ ውጤት ካልለወጠ ሰው ለምን ይመርጣል? ጥያቄና መልስ

የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ (የአንዱ ውሳኔ በሌላው ውሳኔ ላይ ሲንጠለጠል ሰዎች እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠና ትምህርት) ስለ መራጭ ውሳኔ የሚለውን በተመለከተ ከጎንደር ከተማ ነዋሪዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚከተለውን መልስ ሰጥቻለሁ።

ከማራኪ፦ መምህር፣ በሺዎች በሚቆጠር መራጭ መካከል የእኔ ድምፅ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እ.ኤ.አ. ያነሣው ይህንኑ ነው። የእርስዎ ድምፅ ውጤቱን የሚቀይረው የሌሎቹ ድምፅ እኩል ሲሆን ወይም የሚደግፉት ወገን በአንድ ድምፅ ሲያንስ ብቻ ነው። ይህ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ከድሉ የሚያገኙት ጥቅም በዚያ ዕድል ሲባዛ በሰልፍ ከሚያጠፉት የግማሽ ቀን ሥራ ያንሳል። በዚህ ስሌት ማንም ከቤቱ ባልወጣ ነበር፤ ሰው ግን ይወጣል፤ ስለዚህ የጎደለው ስሌቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአዘዞ፦ ሁሉም እንዲህ አስቦ ቢቀርስ?

መልስ፦ ብቻውን የሄደው ሰው ውጤቱን ይወስናላ! የአንዱ ውሳኔ በሌላው ላይ የሚንጠለጠለውም ለዚህ ነው። ፓልፍሬይና ሮዘንታል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብዙ ሰው የሚመርጥበት ሚዛን፣ ማለትም ማንም ብቻውን ውሳኔውን ቢቀይር የማይጠቀምበት ሁኔታ፣ ሊኖር እንደሚችል አሳዩ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ግን መራጩ ሌሎች ለመምረጥ የሚያወጡትን ወጪና ድካም በትክክል ካላወቀና የመራጩ ቁጥር በጣም ከበዛ፣ የሚወጡት መምረጥ የማይከብዳቸው ወይም ደስ የሚላቸው ብቻ እንደሚሆኑ ደረሱበት።

ከአራዳ፦ ግዴታ የሚባለው ስሜትስ በሒሳቡ ውስጥ ቦታ አለው?

መልስ፦ ራይከርና ኦርደሹክ የተባሉ ምሁራን በ1968 እ.ኤ.አ. ወደ ዳውንስ ስሌት ጨምረውታል። ሆኖም ግዴታ ብሎ መሰየም ብቻውን ማብራሪያ አይሆንም፤ ስሜቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። እድራችንን ይመልከቱ፦ አንድ አባል ቢቀር ቀብሩ አይቀርም፤ እርሱ ግን ይሄዳል፤ ነገ ኀዘኑ በእርሱ ደጅ ሊሆን ይችላልና፣ ቀሪም ይመዘገባልና። ይህ ተደጋጋሚ ጨዋታ ነው፤ ሰው የሚያስበው የዛሬውን ትርፍ ብቻ ሳይሆን ነገ አብሮት የሚኖረውን ጎረቤት ጭምር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺገን ግዛት በተደረገ ሙከራ፣ መምረጥ አለመምረጣቸው ለጎረቤት እንደሚገለጽ በደብዳቤ የተነገራቸው ሰዎች 37.8 በመቶ ሲመርጡ፣ ምንም ደብዳቤ ያልደረሳቸው ግን 29.7 በመቶ ብቻ መርጠዋል። መታየት ያለበት ግን መምጣቱ ብቻ ነው፤ ማንን እንደመረጠ ከታወቀ ማበረታቻው ማስፈራሪያ ይሆናል፤ የድምፅ ምስጢራዊነት የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

ከፒያሳ፦ የእኛ የምርጫ ሥርዓት በዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ አዎ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አሸናፊያቸውን የሚያገኙት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎች የበለጠ ድምፅ በማግኘት ነው። ስለዚህ የአንድ ድምፅ ክብደት የሚለካው በራስዎ የምርጫ ክልል ባለው ፉክክር እንጂ በአገር አቀፉ ድምር አይደለም፤ ሦስተኛ የሚወጣ ዕጩ ደጋፊዎችም ድምፃችን ባክኖ ይቀራል ብለው ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው የሚሻገሩት ከዚሁ የተነሣ ነው።