ፑንታ ነክሶ አልለቅ ላለው ድሪል

«ድሪሌ ፑንታውን ነክሶ አልለቅ አለኝ፣ ቸኩን እንዴት ልፍታው?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ያንተም እንደኔ ባለባትሪ፣ ቸኩ (ፑንታውን፣ ማለት የሚበሳውን ብረት፣ ነክሶ የሚይዘው አፍ) በእጅ የሚጠብቅ ይመስለኛል።

1. ባትሪውን ንቀል። ማርሹን 1 ላይ አድርግ።

2. በፒንሳ እንዳትጀምር! እኔ ጀምሬ የቸኩን ፕላስቲክ ሰነጠቅኩት። አፉን ወደ ላይ አድርገህ መንጋጎቹ መሃል ሁለት ሦስት ጠብታ የዝገት ማስለቀቂያ ጣል አድርግና ሩብ ሰዓት ተወው። ከዚያ በላስቲክ ጓንት ጨብጠህ መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው። አዎ፣ አጥብቀው። የደረቀው ቦታ ሲነቃነቅ፣ ወዲያው ወደ መፍቻው መንጭቀው። የእኔን የያዘው የኮንክሪት አቧራ ነበር፤ ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

3. ፕላስቲኩ ስለተሰነጠቀ ቸኩን መቀየር ነበረብኝ። ጉዴ የፈላው እዚህ ጋ ነው። መንጋጎቹን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ውስጡን ብታይ፣ ታች አንዲት ብሎን ተቀምጣለች። ማንም እንደሚያደርገው ወደ ግራ ፈታሁ። እምቢ አለች። በሁለት እጄ ገፋሁ፤ ካቻቢቴው ተንሸራቶ የብሎኗን ጭንቅላት ላጨው። ጥገና ቤት ስወስደው ባለሙያው እንኳን ሊነካው፣ ከወንበሩም ሳይነሳ «ይሄ አለቀለት፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም።

ለካስ ብሎኗ የምትፈታው ወደ ቀኝ ነው! ድሪሉ ወደ ኋላ ሲዞር ቸኩ ተፈትቶ እንዳይወድቅ ብለው ጥርሷን በተቃራኒ አውጥተውታል። ይህን ያወቅኩት ጭንቅላቷን ከላጨሁ በኋላ ነው። በሌላ ድሪል፣ በቀጭን ፑንታ ጭንቅላቷን ቀስ እያልኩ በስቼ አነሳሁት። ምሽቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ቸኩ ሲወጣ የቀረውን ጉቶ በፒንሳ ይዤ፣ አሁንም ወደ ቀኝ አወጣሁት።

4. ቸኩ ራሱ ግን እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ነው። ትልቁን አለን ኪ (ጫፉ የታጠፈ ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) በአጭሩ በኩል ቸኩን አስነክሰው። ድሪሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ረጅሙን ጫፍ በመዶሻ አንዴ ጠንከር አድርገህ ምታው፤ ከፊት ስታየው ወደ ግራ እንዲዞር። ፍርሃት ፍርሃት እያለህ ብትቀጠቅጠው አይፈታም፣ አንዴ ነው። ቸኩን ከፊት ለፊት ግን እንዳትመታው፣ ዘንጉ ይጣመምና ፑንታው ሲዞር ይወላገዳል።

«አለቀለት» የተባለው ድሪል አሁንም ግድግዳ ይበሳል። ይኸው አጠገቤ ነው።

ያንተ ቸክ የሚዞረው አንገት አንድ ነው ሁለት? ሁለት ከሆነ የኋለኛውን በአንድ እጅህ ያዝና የፊተኛውን ብቻ አዙር። ካልሆነልህ ፎቶ ላክልኝ።