ክላስ ይጠራል ወይስ ይጫናል?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ማስታወሻ በአማርኛ አዘጋጃለሁ። «በተለዋዋጭነት የተጫኑ ክላሶችን በሩጫ ጊዜ መጥራት» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። አንብበው ሳቁብኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ አይፈረድባቸውም። «የሩጫ ጊዜ» (ራንታይም) ሲባል ሰው የሚያስበው የአትሌቶቻችንን ሰዓት ነው። በአማርኛ ፕሮግራም ይሠራል እንጂ አይሮጥም። «ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ» ይበቃል። «ሳለ»ን እንዳይጥሏት፤ «እየሠራ የሚጫን ክላስ» ካሉ የሚሠራው ክላሱ ራሱ ይመስላል። ይህን ካሉ በኋላ «በተለዋዋጭነት» ምንም አይጨምርምና ይውጣ።

ዋናው ጣጣ «መጥራት» ላይ ነው። የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ግስ ጠቅልለዋል። ጃቫን እንውሰድ። «ክላስ.ፎርኔም» የተባለው ትእዛዝ የክላሱን ስም በጽሑፍ ተቀብሎ ክላሱን ይጭናል። ከዚያ በኮንስትራክተሩ (በክላሱ የመፍጠሪያ ክፍል) ክላሱን እንደ ንድፍ ይዞ ኦብጀክት ይፈጠራል። መጥራት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚጠራውም ክላሱ ሳይሆን ሜተዱ፣ ማለትም በክላሱ ውስጥ ያለው ፈንክሽን ነው። በፓይተን «ኢምፖርትሊብ» ሞጁሉን ይጭናል፣ «ጌትአትር» ክላሱን ከውስጡ በስሙ ያወጣል። እዚህ «ክላሱን ጠራሁት» ቢሉ አልቃወምም፤ ፓይተን ኦብጀክት የሚፈጥረው ክላሱን እንደ ፈንክሽን በመጥራት ነውና። የሲ ቋንቋ ደግሞ ጭራሽ ክላስ የለውም። «ዲኤልኦፕን» ላይብረሪውን ይጭናል፣ «ዲኤልሲም» የፈንክሽኑን አድራሻ ይፈልጋል፤ የሚጠራው ፈንክሽኑ ነው።

«ስሙን ጠራ» እና «በስሙ ጠራው» እንደሚለያዩም ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ሰውየው በሌለበትም ይሆናል። ሁለተኛው «አቤት» እንዲል ነው። ጃቫም ላይ ተመሳሳይ ልዩነት አለ። ከክላሱ ስም ቀጥሎ «.ክላስ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ስታቲክ ብሎኩን (ክላሱ ሥራ ሲጀምር አንድ ጊዜ የሚሠራውን ኮድ) አያስኬድም። «ፎርኔም» ግን ስም ብቻ ሲሰጡት ያስኬደዋል። በድሮ የጄዲቢሲ (ጃቫን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው) ኮድ የዳታቤዝ ድራይቨር በ«ፎርኔም» ይጫን የነበረው ለዚህ ነው። ድራይቨሩ ራሱን የሚያስመዘግበው እዚያ ብሎክ ውስጥ ነው።

«መጫን» ላይም ጥንቃቄ ያሻል። «ሶፍትዌር ጫንኩ» እንላለን፣ «ቁልፉን ተጫን»ም እንላለን። ጀማሪ ተማሪ እንዳይምታታበት መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ወደ ሜሞሪ መጫን» ይበሉ፤ ከዚያ «መጫን» ብቻውን ይበቃል።

ስለዚህ ርዕስዎን እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ፦ «ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በተጫነ ክላስ ውስጥ ያለን ሜተድ መጥራት»። ረዝሟል፤ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል።