ልጄ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ ርኩስ መንፈስ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንዱ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ከተኛ በኋላ ሌሊት ብድግ ይልና ይጮሃል። ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። ላቅፈው ስል ይገፋኛል። ጠዋት ስጠይቀው ምንም አያስታውስም። ጎረቤቶቼ «ለክፎት ነው፣ ክታብ አሠሪለት» ይሉኛል። አማቴ ደግሞ በየማለዳው ጠበል ውሰጂው ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይዞሽ። የነገርሽኝን ነገር ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል፤ «ናይት ቴረር» ይሉታል። ልጁ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለ የሚመጣ ድንጋጤ ነው። ብዙ ጊዜ ከተኛ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከሰታል። ዓይኑ ቢከፈትም ልጁ አልነቃም፤ የማያውቅሽ ለዚህ ነው። ቅዠት ሌላ ነው። እሱ ወደ ንጋት ይመጣል፣ ልጁም ነቅቶ ያየውን ይናገራል፣ እናቱ ላይ ይለጠፋል።

አብዛኞቹ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። በዘርም ይወርዳል። እስኪ አማትሽን ጠይቂያቸው፤ አባትየውም በልጅነቱ እንዲሁ ያደርግ ይሆናል!

ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ የለም አትልም። በእንቅልፉ የጮኸ ልጅ ሁሉ ግን ጋኔን ይዞታል ብላ አታስተምርም። በ40 ቀኑ ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶ ከሆነ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው። እባካችሁ ፊቱ ላይ «ሰይጣን ለክፎት» እያላችሁ አታውሩ። ልጅ ይሰማል። «ጅቡ መጣልህ» ብሎ ማስተኛትም ይቅር።

ክታቡን ተዪው። በጭራሽ። እሱ የጠንቋይ ገበያ እንጂ የክርስቲያን መድኃኒት አይደለም።

ጠበሉ መልካም ነው፤ ሰዓቱን ግን አስቢበት። ይህን ድንጋጤ በጣም ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ የእንቅልፍ እጦት ነው። በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሰሽ ከወሰድሽው፣ ማታ ይብስበታል። እናቶች ደግሞ «ጠበሉ መንፈሱን አስጮኸው» ይላሉ። ልጁ የጮኸው እንቅልፍ አጥቶ ነው! ጠግቦ ሲነሳ ውሰጂው። ለቁርባን ስታዘጋጂውም ቅዳሜ ማታ በጊዜ አስተኚው። ትኩሳትና ጭንቀትም ይህን ድንጋጤ ያመጡበታል።

ሲጮህ በግድ አትቀስቅሺው፤ አትነቅንቂው፤ ፊቱ ላይ ጠበል አትርጪበት። የባሰ ይደነግጣል። እንዳይወድቅና ከግድግዳ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ አጠገቡ ሁኚ። በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይተኛል። እስከዚያ በለሆሳስ መዝሙር 90ን ድገሚ፤ «ከሌሊት ግርማ አትፈራም» ይላል። እሱ ባያስታውሰውም አንቺን ያረጋጋሻል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ደግሞ አብራችሁ አቡነ ዘበሰማያት በሉ፣ በመስቀል ምልክት አማትቢበት።

ሰውነቱ የሚገታተር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ለሀጭ ከደፈቀ፣ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ከተነሳ፣ ወይም እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። የሚጥል በሽታም እንዲህ ሊመስል ይችላል። «ጸበል እያለ ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል» የሚልሽ ካለ፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢለት፤ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ስትሄጂ ሲጮህ በስልክሽ ቀርጸሽ ያዢ፤ ሐኪሙን ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይረዳዋል።